ቀይ የለበሰው ነጭ ወይን፦ የጣዕም ትዝታችን ምን ያህል የራሳችን ነው?

እስቲ ሠርግ ላይ ናችሁ እንበል። አስተናጋጁ ከቀዩ ወይን ጠጅ ቀዳላችሁ። ቀመሳችሁት፤ ወደዳችሁት። «ይሄ እንኳ ግሩም ነው!» ብላችሁ አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው ነገራችሁት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ወር አለፈ። አሁን ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የወይኑ መደርደሪያ ፊት ቆማችኋል። የትኛው ነበር? ጠርሙሱ ላይ ወርቃማ ጽሑፍ ነበረበት... ወይስ አልነበረበትም? ጣዕሙስ? «ቀይ ነበር፤ ይጣፍጥ ነበር» ከማለት ያለፈ ነገር ከአፋችሁ አይወጣም። ሙሽራዋ ስትገባ የተዘፈነውን፣ አጎቷ ያደረጉትን ረጅም ንግግር ሳይቀር ታስታውሳላችሁ። ወይኑ ግን ጠፍቷል።

በነገራችን ላይ፣ በአገራችን ሕግ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ዕድሜያችሁ ገና ከሆነ አትቀየሙ፤ ከታች የምነግራችሁን ሁሉ በቡና፣ በማር ወይም በጭማቂ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አፍንጫው ያው አፍንጫ ነው።

ወደ መደርደሪያው እንመለስ። እዚያ ቆሞ ግራ ለገባው ሰው ሁለት ዓይነት መካሪ አይጠፋም። አንደኛው «የባለሙያ ቃላት አጥና፤ ብላክ ከራንት፣ ሴዳር፣ ታኒን እያልክ ጻፍ፤ ያኔ ታስታውሳለህ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ይስቃል፦ «ተወው እባክህ! ነጭ ወይን ቀይ ቀለም ቀብተው ለሃምሳ ምናምን ባለሙያዎች ሰጧቸው፤ አንዳቸውም አላወቁም። የወይን ቅምሻ የሚባለው ነገር ሁሉ ማስመሰል ነው።» ይህ ሁለተኛው ወሬ ብዙ ተሰራጭቷል። እናንተም አንድ ቦታ ሳትሰሙት አትቀሩም።

እኔ ሁለቱም መካሪዎች ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን መጀመሪያ ያንን ታዋቂ ሙከራ ራሱን እናንብበው፤ ወሬውን ሳይሆን ሙከራውን።

ቦርዶ ውስጥ በእርግጥ የተደረገው

ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 «ብሬይን ኤንድ ላንጉጅ» በሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ነው። አዘጋጆቹ ሦስት ፈረንሳውያን ናቸው፦ ዢል ሞሮ፣ ፍሬዴሪክ ብሮሼ እና ዴኒ ዱቡርዲዩ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሽታዎች ቀለም» ማለት ነው። መጽሔቱ ስለ አንጎልና ስለ ቋንቋ እንጂ ስለ ወይን አለመሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ተሳታፊዎቹ በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የወይን ጠጅ ሳይንስ የሚማሩ 54 ተማሪዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ብርጭቆ ቀረበላቸው፤ አንዱ እውነተኛ ነጭ፣ አንዱ እውነተኛ ቀይ። እያንዳንዱ ተማሪ የየብርጭቆውን ሽታ የሚገልጹ ቃላት ጻፈ። ለነጩ እንደ ማርና ሎሚ ያሉ፣ ለቀዩ እንደ ቼሪ ያሉ ቃላት መጡ።

ከቀናት በኋላ ተማሪዎቹ ተመልሰው መጡ። አሁንም ሁለት ብርጭቆ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ነገር ግን ሁለቱም ያው ነጭ ወይን ነበሩ። አንደኛው ላይ አንቶሲያኒን ጠብ ተደርጎበታል። አንቶሲያኒን ቀይ ወይንን ቀይ የሚያደርገው፣ በወይን ፍሬ ቆዳ ውስጥ ያለ ማቅለሚያ ነው፤ ሽታ የለውም። ከዚያም ተማሪዎቹ ባለፈው ራሳቸው የጻፏቸው ቃላት ዝርዝር ተሰጣቸውና እያንዳንዱን ቃል እያነሱ ከሁለቱ ብርጭቆዎች ይበልጥ ለሚስማማው እንዲሰጡ ተጠየቁ። ውጤቱ? የቀይ ወይን ቃላቶቻቸውን ለቀዩ፣ የነጭ ወይን ቃላቶቻቸውን ለነጩ ሰጡ። ማለትም ቀለም የለበሰው ነጭ ወይን እንደ ቀይ ተገለጸ።

ቆንጆ ሙከራ ነው። ርካሽ፣ ቀላል፣ ብልህ። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ በተወራው ላይ ነው።

ወሬው የት ላይ ተጣመመ?

አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ተማሪዎች ነበሩ። ወሬው ግን «የዓለም ምርጥ ቀማሾች» አድርጓቸዋል። የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ተሳሳተ ብሎ «ሐኪሞች ምንም አያውቁም» ማለት ይቻላል እንዴ?

ሁለተኛ፣ «ይሄ ቀይ ነው ወይስ ነጭ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። ወሬው ይህን ጥያቄ ፈጥሮ፣ መልሱንም ፈጥሮ፣ ተሳታፊዎቹን ጥሏቸዋል። እነሱ የተጠየቁት «ይህ ቃል ከሁለቱ የትኛውን ይበልጥ ይገልጻል?» ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ተማሪዎቹ የግድ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ሁለቱ ብርጭቆዎች ግን በሽታ አንድ ናቸው። በምሳሌ ላስረዳችሁ። ሁለት ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ፊታችሁ ቆሙ። አንዱ ጋቢ ደርቧል፣ ሌላው ሱፍና ከረቫት አድርጓል። «ከሁለቱ ባንክ ቤት የሚሠራ የሚመስለው ማን ነው?» ተባላችሁ፤ «ሁለቱም ያው ናቸው» ማለት ክልክል ነው። ባለሱፉን ትጠቁማላችሁ። ታዲያ ይህ ፊት መለየት እንደማትችሉ ያረጋግጣል? አያረጋግጥም! ፊታቸው ምንም ፍንጭ ሲያጣባችሁ ልብሳቸውን ተጠቀማችሁ እንጂ።

ታዲያ ቀለም ጨርሶ ባይታይስ? እ.ኤ.አ. በ2009 ዮርዲ ባሌስቴር እና ባልደረቦቹ ይህንኑ በቀጥታ ሞከሩት። ቀይ፣ ነጭና ሮዜ ወይኖችን በጥቁር ብርጭቆ አቀረቡ፤ ሰዎቹ ቀለሙን ማየት አይችሉም፤ ማሽተት ብቻ። ባለሙያዎቹም፣ ምንም ሥልጠና የሌላቸው ተራ ሰዎችም ቀዩንና ነጩን ለዩ። ያምታታቸው በሁለቱ መካከል ያለው ሮዜው ነው። እንግዲህ «ሰው ቀይና ነጭ መለየት አይችልም» የሚለው ወሬ በጥቁር ብርጭቆ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ።

ባለሙያን መተቸት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚሻል ማስረጃ አለ። ሮበርት ሆጅሰን የተባሉ፣ ራሳቸው ወይን የሚያመርቱ የስታቲስቲክስ ሰው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚደረግ ትልቅ የወይን ውድድር ላይ ዳኞቹን ፈተኗቸው። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ አንድ ወይን ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ለያንዳንዱ ዳኛ ሦስት ጊዜ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ ነጥባቸው በአንድ የሜዳሊያ ደረጃ ውስጥ የጸናው ከዳኞቹ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህ የምር ያሳስባል። ግን ምን እንደሚል በጥንቃቄ ስሙት፦ ነጥብ መስጠት አስቸጋሪ ነው ይላል እንጂ ወይኖች ልዩነት የላቸውም አይልም። በአንድ ቀን ብዙ ብርጭቆ እየቀመሰ፣ አንዱ የሌላውን ጣዕም እየሸፈነበት የሚፈርድ ሰው ፍርዱ ይዋዥቃል።

ግን ሙከራው ትልቅ ነገር ነግሮናል

የቦርዶውን ጥናት ከወሬው ካጸዳነው በኋላ የሚቀረው ነገር ከወሬው የበለጠ ይገርማል። ጥናቱ ስለ ቋንቋ ነው ብያችኋለሁ። ተመራማሪዎቹ ከሙከራው በተጨማሪ ወይን ቀማሾች የጻፏቸውን በርካታ መግለጫዎች መርምረው ነበር። ያገኙት ይህ ነው፦ ቀይ ወይንን የምንገልጸው ቀይና ጠቆር ባሉ ነገሮች ስም ነው፤ ነጭ ወይንን ደግሞ ቢጫና ፈዛዛ በሆኑ ነገሮች ስም። ቼሪ ቀይ ነው፤ ማርና ሎሚ ቢጫ ናቸው። ያሸተትን እየመሰለን፣ ዓይናችን አስቀድሞ የቃላቱን ሳጥን ከፍቶልናል።

ይህ ውሸታምነት አይደለም። አንጎል የሚሠራው እንዲህ ነው። ውሃ መስሏችሁ ለስላሳ መጠጥ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ጉንጭ ያስደነግጣል፤ መጥፎ ነገር የጠጣችሁ ይመስላችኋል። መጠጡ ያው የምትወዱት መጠጥ ነው። የተሳሳተው ግምቱ ነው። አንጎል ከአፍንጫ የሚመጣውን መረጃ ብቻውን አያነብም፤ ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን፣ ያለፈውን ልምድ ደራርቦ ያነባል።

ዋጋም እንደ ቀለም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሂልከ ፕላስማን እና ባልደረቦቿ 20 ሰዎችን የአንጎል ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው በቱቦ ወይን አቀመሷቸው። አንዱን ወይን አንድ ጊዜ «ዋጋው 10 ዶላር ነው»፣ ሌላ ጊዜ «90 ዶላር ነው» እያሉ ሰጧቸው። ሰዎቹ ውድ የተባለውን ይበልጥ ወደዱት፤ ከግንባር ኋላ ያለው፣ ከደስታ ስሜት ጋር የሚያያዘው የአንጎል ክፍልም ይበልጥ ሠራ። ስለዚህ «ደስ አለኝ» ያሉት ዋሽተው አይደለም፤ ደስታው የምር ነበር። ነገር ግን ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ወይን ዋጋ ሳይነገራቸው ሲቀምሱት ልዩነቱ ጠፋ።

የሠርጉን ወይን እዚህ ላይ አስታውሱ። የወደዳችሁት ወይኑን ነው? ወይስ ዘፈኑን፣ የጓደኛችሁን ደስታ፣ የብርጭቆውን ማማር? መልሱ «ሁሉንም አንድ ላይ» ነው። ታዲያ ከዚያ ድብልቅ ውስጥ የወይኑን ድርሻ ለይቶ ማስቀረት የሚቻለው እንዴት ነው?

ቃል ትዝታን ሲያጠፋ

«ጻፈው!» ይላል የመጀመሪያው መካሪያችን። ግን ቆይ። መጻፍ ራሱ ትዝታን ሊያበላሽ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ጆሴፍ ሜልቸር እና ጆናታን ስኩለር ይህን ፈተኑ። ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፦ ወይን የማይጠጡ፣ አዘውትረው የሚጠጡ ግን ያልሠለጠኑ፣ እና ሠልጥነው የተካኑ። ሁሉም አንድ ቀይ ወይን ቀመሱ። ከዚያ አንዳንዶቹ የቀመሱትን በቃላት እንዲገልጹ ተደረገ፤ ሌሎቹ ግን ከወይኑ ጋር የማይገናኝ ሥራ ተሰጣቸው። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ወይን ከሌሎች ወይኖች መካከል ለይተው እንዲያወጡ ተጠየቁ። መግለጽ የጎዳው መካከለኞቹን ነው፤ የሚጠጡትን ግን ያልሠለጠኑትን። የማያውቁትም፣ የተካኑትም አልተጎዱም።

ለምን? መካከለኞቹ ብዙ ከመጠጣታቸው የተነሣ ምላሳቸው ልዩነት መለየት ጀምሯል፤ ቃላቸው ግን ገና አልደረሰበትም። ምላሳቸው የያዘውን በደካማ ቃል ጻፉት፤ ከዚያ ያስታወሱት ጣዕሙን ሳይሆን ቃሉን ሆነ። ስኩለር ከዚያ በፊት ከሌላ ተመራማሪ ጋር ተመሳሳይ ነገር በሰው ፊት ላይ አግኝቶ ነበር። አንድ ሰው አይታችሁ «ቀይ ዳማ፣ ረዘም ያለ፣ ግንባሩ ሰፊ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ በኋላ የምታስታውሱት ፊቱን ሳይሆን ጽሑፋችሁን ሊሆን ይችላል። ቀይ ዳማ፣ ረዘም ያለ ሰው ደግሞ ከተማው ሙሉ ነው።

ለመካሪያችን የማይመች ሌላም አለ። ኢልያ ክሮይማንስ እና አሲፋ ማጂድ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ የወይን ባለሙያዎች የወይንን ሽታ ሲገልጹ ከተራ ሰው ይልቅ እርስ በርስ ይስማማሉ። ያ ብልጫ ግን ከወይን ውጪ ላሉ የዕለት ተዕለት ሽታዎች አልዘለቀም። የተለየ አፍንጫ ተሰጥቷቸው አይደለም ማለት ነው፤ ልምምዱ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በኋላ በሠሩት ጥናት ደግሞ ባለሙያዎቹ ወይኖችን ከጀማሪዎች በተሻለ ማስታወሳቸውን አሳዩ፤ ሆኖም ትዝታቸውን የተሸከሙት ቃላት ሆነው አልተገኙም።

እንግዲህ ቃል ብቻውን አያድንም። በተለይ የተዋስነው ቃል።

ስለዚህ ጉዳይ በራሴ ላይ ልመስክር። ወይን መቅመስ የጀመርኩ ሰሞን የያዝኩት ማስታወሻ ደብተር አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ «ብላክ ከራንት፣ ሴዳር፣ የሚያምር አጨራረስ» ይላል። ያኔ ብላክ ከራንት የሚባል ፍሬ አይቼም አሽትቼም አላውቅም ነበር! ከጠርሙሱ ጀርባ የገለበጥኩት ነው። ዛሬ ያንን ገጽ ሳነብ አፌ ላይ ምንም አይመጣም። ጥቂት ገጾች አልፎ ግን በእርሳስ የተጫረ አንድ መስመር አለ፦ «እናቴ ለመከለሻ ቅርንፉድ ስትወቅጥ። መጨረሻው ብዙ እንደቆየ ሻይ፣ ምላስ ይይዛል።» ይህን ሳነብ ወይኑ ወዲያው ይመጣል። ዋጋውም፣ ስሙም ትዝ ይለኛል።

መንኮራኩሩና የቀሩት ብርጭቆዎች

ብላክ ከራንትን የመሰሉ ቃላት ከየት መጡ? ብዙዎቹ የተሰባሰቡበት አንድ ታዋቂ መሣሪያ አለ፤ የወይን መዓዛ መንኮራኩር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ባልደረባ የሆኑት አን ኖብል እና ባልደረቦቻቸው አወጡት። ክብ ነው፤ ከመሃል ወደ ውጪ ሦስት ደረጃ አለው። መሃሉ ላይ «ፍራፍሬ» ይላል፤ ወጣ ስትሉ የፍራፍሬው ዓይነት፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ አንድ የተወሰነ ፍሬ።

ኖብል ሁለት ጥብቅ ሐሳብ ነበራቸው። አንደኛው፣ እንደ «የተዋበ» እና «ምርጥ» ያለ የውዳሴ ቃል መንኮራኩሩ ላይ አይገባም፤ የሚገባው የሚሸተተው ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ቃል የሚዳሰስ ማስረጃ አለው። «ቅርንፉድ» ካላችሁ፣ ብዙም ሽታ የሌለው ወይን በብርጭቆ ቀድታችሁ እውነተኛ ቅርንፉድ ጣል ታደርጉበትና ታሸታላችሁ። ቃሉና ሽታው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ይህ ሁለተኛው ሐሳብ የመንኮራኩሩ ነፍስ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን መንኮራኩሩ በዓለም ሲዞር ቃላቱ ተጓዙ፤ ብርጭቆዎቹ ካሊፎርኒያ ቀሩ። እንደኔ ያለው ጀማሪ ቃሉን ያለ ሽታው ወረሰ። ቁልፍ ሳይኖር ቁልፍ መያዣ እንደ መሸከም ነው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። መንኮራኩሩ የተሠራው ለመግለጽ ነው፤ «ወደድኩት ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሆን ብሎ ያስወጣል። ለላቦራቶሪ ትክክል ነው። መደርደሪያ ፊት ለቆመ ሰው ግን ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ጠጅ ቤት የሚያዘወትር ሰው «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ደረቅ» ብሎ ያዛል። ሦስት ቃል ብቻ ነው። ነገር ግን ቀጂውም ጠጪውም ቃሉን የሚያውቁት ከብርሌው ነው፤ ደረቅ አዝዞ ለስላሳ የመጣለት ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቃል። ኖብል የፈለጉት ይህንን ነበር፦ ቃሉን መጠጡ ራሱ የሚያርመው።

የቅመም መደርደሪያችሁ ደግሞ ከምታስቡት በላይ ለወይን ይጠጋል። ምሳሌ ብቻም አይደለም፤ ሞለኪውሉ አንድ ነው። ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸተው በዋነኛነት ዩጂኖል በሚባል ውህድ ነው። ወይን በኦክ እንጨት በርሜል ሲቆይ ከእንጨቱ የሚቀበለው አንዱ ነገር ዩጂኖል ነው። እናቴ የወቀጠችው ቅርንፉድ የምር ብርጭቆው ውስጥ ነበረ! የድንብላል ፍሬ ዘይት ትልቁ ክፍል ሊናሎል ነው፤ ሙስካት በተባሉት የወይን ዝርያዎችም ያ የአበባ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከሊናሎልና ከዘመዶቹ ነው። ሲራ የሚባለው ወይን፣ በአገራችንም ዝዋይ አካባቢ የሚመረተው፣ ሮተንዶን የሚባል ውህድ ሊኖረው ይችላል። ሮተንዶን ማለት የቁንዶ በርበሬ ሽታ ነው፤ ስሙ ባይታወቅም ወጥ ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ ይሸታል።

ስለ ሮተንዶን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚገርመው እሱ ነውና። አውስትራሊያ ውስጥ ይህን ውህድ ያገኙት ተመራማሪዎች፣ ከቀማሾቻቸው ከአምስት አንዱ ገደማ መጠኑ በጣም ቢጨመርም ሊያሸተው እንዳልቻለ አይተዋል። ሰው 400 ያህል ዓይነት የሽታ መቀበያዎች አሉት፤ ሁላችንም ግን አንድ ዓይነት ስብስብ አልያዝንም። ስለዚህ እናንተ «ቁንዶ በርበሬ!» ስትሉ ጓደኛችሁ «የቱ ጋ?» ካለ፣ ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል ማለት አይደለም። ሁለታችሁም እውነት ተናግራችሁ ይሆናል። የባለሙያ ማስታወሻ የእናንተን ማስታወሻ የማይተካውም ለዚህ ነው፤ የጻፈው ሰው በእናንተ አፍንጫ አላሸተተም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ካየናቸው ሙከራዎች ተነሥቼ የምመክራችሁ ጥቂት ነገር ነው።

ከማንበባችሁ በፊት ቅመሱ። የጠርሙሱ ወረቀትና ዋጋው ከምላሳችሁ ቀድመው እንዲናገሩ አትፍቀዱ። ከተቻለ ሌላ ሰው ይቅዳላችሁ፤ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሉት። ሦስት ብርጭቆ አድርጋችሁ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ይሁን፤ የተለየውን ፈልጉ። አንድ ጊዜ ማግኘት ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ደጋግማችሁ ካገኛችሁት ግን ልዩነቱ የምር ነው። በሁለት ዓይነት ቡናም እንዲሁ ይሠራል።

አፍንጫችሁን ያዙና ተጎንጩ፤ ከዚያ ልቀቁት። አፍንጫው ተዘግቶ ሳለ የምታገኙት ጣፋጭነት፣ ኮምጣጣነት፣ መራራነትና ምላስ የሚይዘው ድርቀት ነው፤ ያ ድርቀት ታኒን የሚባለው ነገር ከምራቃችሁ ፕሮቲን ጋር ሲያያዝ የሚመጣ ነው። ስትለቁት የሚጎርፈው ሁሉ ከጉሮሮ ወደ ኋላ ዞሮ ወደ አፍንጫ የወጣ ሽታ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ጻፉ።

የምትጽፉት ሽታ አሽትታችሁ የምታውቁት ብቻ ይሁን። ኮረሪማ፣ ጦስኝ፣ እጣን፣ በወይራ የታጠነ ቅል፣ የዘቢብ ከረጢት፣ ዝናብ የመታው አፈር። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ቅመሙን ከቆርቆሮው አውጥታችሁ ከብርጭቆው ጎን አሽትቱት። ቃል ካልመጣላችሁ ደግሞ አታስገድዱት፤ የስኩለርን መካከለኞች አስታውሱ። ባዶ መስመር ከተዋሰ ቃል ይሻላል።

ከገለጻው ለይታችሁ፣ ወደዳችሁት እንደሆነ ጻፉ፤ የት፣ ከማን ጋር፣ ከምን ምግብ ጋር እንደጠጣችሁትም ጨምሩ። የሠርጉ ደስታ ወይኑ ላይ እንደሚጨመር አይተናልና፣ ድርሻው ተለይቶ ይጻፍ። ስሙንና ዓመቱን መጨረሻ ላይ ገልብጡ፤ ወይም ስልካችሁ ለምን ተሠራ፣ ፎቶ አንሡት። ከዚያ ሌላ ቀን፣ ያለ ዘፈንና ያለ እንግዳ፣ በድጋሚ ቅመሱት። ዳኞቹም በአንድ ቀን አልጸኑም፤ እናንተም የመጀመሪያ ፍርዳችሁን ይግባኝ ብትሉበት አያሳፍርም።

የቦርዶው ሙከራ ያስተማረን ምላሳችን ከንቱ መሆኑን አይደለም። ምላሳችን ብቻውን እንደማይናገር፣ ዓይንና ዋጋና የሰው ቃል በላዩ ላይ እንደሚናገሩበት ነው። «ባለሙያ ብቻ ያውቃል» የሚለው መካሪ ዝም ያሰኛችኋል፤ «ማንም አያውቅም» የሚለውም እንዲሁ። እናንተ ግን የቅርንፉዱን ቆርቆሮ ክፈቱና አሽትቱ። በሚቀጥለው ጊዜ መደርደሪያው ፊት ስትቆሙ የምትፈልጉት ወርቃማውን ጽሑፍ አይሆንም።